እጅን መዘርጋት ወይስ እጅን ማድረስ፤ በመዝሙር 67 በሚገኝ አንድ ግሥ ላይ የቀረበ ሒስ

መስከረም 16 ቀን በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ደመራ በሚለኰስበት ዋዜማ፥ ካህናቱና መዘምራኑ በየማዕርጋቸው ተሰልፈው ሲያሸበሽቡ፥ ሕዝቡም ከካዛንቺስ፥ ከቂርቆስና ከሌሎቹ ሰፈሮች ወደ እስጢፋኖስ አቅጣጫ ሲጐርፍ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ሰላምታ ነው፤ ሰዉ ኹሉ «እንኳን አደረሳችሁ» ይባባላል። ከሰላምታው ቀጥሎ የሚታየው ደግሞ እጅ ነው፤ ችቦ የያዘ እጅ፥ አደይ አበባ የያዘ እጅ፥ ምንም ሳይዝ ወደ ላይ ተዘርግቶ የሚጸልይ እጅ። ይህ ሰላምታና ይህ እጅ በአንድ ጥንታዊ ቃል ውስጥ ተገናኝተው ይገኛሉ። ቃሉም ስለ ኢትዮጵያ እጆች የሚናገረው፥ በግዕዙ ቍጥር በ67ኛው፥ በዕብራይስጡ ቍጥር በ68ኛው መዝሙር ያለው ነው።

ይህን ቃል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመ ሕፃን ኹሉ፥ ዐሥር ዐሥር መዝሙር ተብሎ በ15 ንጉሥ ከተከፈለው መጽሐፍ ሰባተኛውን ንጉሥ ሲያደርስ ያገኘዋል። ክብረ ነገሥትም ለአገሪቱ ክብር ምስክር አድርጎ ጠርቶታል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ቀን ባስመቱት ብር ላይ በአንበሳው ዙሪያ ተቀርጾ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ በገቡ ጊዜ ባደረጉት ንግግር፥ ዕለቱን ኢትዮጵያ ስለ ደስታዋና ስለ ምስጋናዋ እጇን ወደ አምላኳ የምትዘረጋበት ቀን ብለውታል። ነገር ግን በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. አካባቢ ከደረሱት ረኃቦች ወዲህ ይኸው ቃል በሌላ ድምፅ ይሰማ ጀምሯል። አንዳንዱ በምፀት፥ አንዳንዱም በሐዘን፥ «የተነገረላት እጅ መዘርጋት ይኸ ነበርን?» ይላል። ስለዚህ ጕዳዩ የሰዋስው ብቻ አይደለም። አንድ ሕዝብ ስለ ራሱ የተነገረ አድርጎ የሚይዘው ቃል ስለ ልመና ይናገራል ወይስ ስለ ሌላ ነገር? መልሱን ስሜት ሳይኾን ግሡ ይስጥ።

ዕብራይስጡን መነሻ ማድረግ ይገባል። በዚያ የሚገኘው ግሥ «ታሪጽ» የሚለው ሲኾን፥ ሥሩ በግዕዝ «ሮጸ»፥ በአማርኛ «ሮጠ» ከምንለው ጋር አንድ ነው። ቅርጹ የአድራጊ ነው፤ ሮጠች ማለት ሳይኾን አስሮጠች፥ በፍጥነት አመጣች ማለት ነው። የዚህ ቅርጽ አገባብ በሌሎች መጻሕፍት ሲመረመር አንድ ጠባይ ይታያል። በዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ፈርዖን ዮሴፍን ባስጠራው ጊዜ ከግዞት ቤት «አስሮጡት» ይላል፤ ፈጥነው አቀረቡት ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳሙኤል ምዕራፍ 17 እሴይ ልጁን ዳዊትን የተጠበሰ እሸትና ዐሥር እንጀራ ወደ ሰፈር፥ ወደ ወንድሞቹ «አስሩጥ» ይለዋል። በሁለተኛው ዜና መዋዕል ምዕራፍ 35 የተቀደሰውን ቍርባን ቀቅለው ለሕዝቡ «አስሮጡት»። በሦስቱም ስፍራ የሚሮጠው ነገር ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ለሚቀበለው ሰው የሚደርስ ነው። ግሡ የእጅን አኳኋን የሚያሳይ ሳይኾን አንድን ነገር ለባለቤቱ የማድረስን ሥራ የሚያሳይ ነው።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይባል ሌላ ማስረጃ አለ። ዕብራይስጥ በጸሎት ጊዜ እጅን ስለ መዘርጋት ሲናገር የተለየ ግሥ አለው፤ «ፓራስ» ይላል፤ ዘረጋ፥ ገለጠ ማለት ነው። ሙሴ በረዶው ይቆም ዘንድ ሲጸልይ፥ ሰሎሞን በመሠዊያው ፊት ቆሞ ሲለምን፥ ባለ መዝሙሩም እንደ ተጠማ ምድር አምላኩን ሲናፍቅ፥ በዕብራይስጥ 143ኛው፥ በግዕዝ 142ኛው መዝሙር፥ ይኸው «ፓራስ» ተጠቅሷል። ስለዚህ ስለ ኩሽ የተናገረው ባለ መዝሙር የጸሎትን ዝርጋታ ብቻ ማሳየት ቢፈልግ ኖሮ የተለመደው ቃል በአጠገቡ ነበረ። እርሱ ግን ያልተለመደውን መረጠ።

የቃሉ አገባብም ይህንኑ ያጸናል። ከፍ ብሎ ያለው ቍጥር ነገሥታት ወደ ኢየሩሳሌም መቅደስ አምኃ እንደሚያመጡ ይናገራል። ዝቅ ብሎ ያለው ደግሞ የምድር መንግሥታት ኹሉ እንዲያመሰግኑ ይጠራል። በመካከል ከግብጽ የሚመጣ ነገር አለ፤ እርሱም «ሐሽመኒም» የሚባል፥ በዕብራይስጥ መጽሐፍ ኹሉ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ቃል ነው። ግሪኮች «መልእክተኞች» ብለው ተረጐሙት፤ የእንግሊዙ የ1611 ትርጉም «መሳፍንት» አለው። የዘመናችን ሊቃውንት ግን ከአካድና ከጥንታዊ ግብጽ ቋንቋዎች ተመሳሳይ ቃል አግኝተው፥ ቀለም የተነከረ ጨርቅ ነው፥ ወይም ነሐስ ነው እስከ ማለት ደርሰዋል። ክርክሩ ባይቈረጥም ከሁሉም አሳብ የሚገኘው ሥዕል አንድ ነው፤ ከደቡብ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄድ መልእክትና ስጦታ ነው። በዚህ ሰልፍ መካከል ባዶ እጅ መዘርጋት ስፍራ የለውም።

አንድ ትንሽ ዕንቅፋት ደግሞ አለ። በዕብራይስጡ ግሡ በአንስታይ ጾታ ሲነገር፥ እጆቹ ግን «እጆቹ» ተብለው በተባዕታይ ተጠርተዋል። ኩሽ እንደ አገር ስትታይ ሴት፥ እንደ ሕዝብ ሲታይ ወንድ በመኾኑ ይመስላል። ግሪኩ ኹለቱንም አንስታይ አድርጎ አስተካከለው፤ ግዕዙም ተከተለው። ዛሬ በአማርኛ ቃሉን የሚሰማ ሰው እጇን የምታነሣ እናት በዓይነ ልቡናው የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው። በዕብራይስጡ ግን ሥዕሉ እንዲህ የጠራ አልነበረም።

ከዚህ ወደ ግሪኩ መሻገር ይገባል፤ የግዕዙ ዳዊት የተተረጐመው ከግሪክ ነውና። የሰባ ሊቃናት ትርጉም በዚህ ስፍራ «ፕሮፍታሴይ» ይላል። መሠረቱ «ፍታኖ» ሲኾን፥ በጥንታዊው ግሪክ ቀደመ፥ ቀድሞ ተገኘ ማለት ነበረ፤ በኋለኛው ግሪክ ግን ደረሰ ማለት ኾነ። ላቲኑ የቀደመውን ፍች ይዞ «ትቀድማለች» አለ። አውግስጢኖስም በዚህ የላቲን ንባብ ላይ ተመሥርቶ ሲተረጕም፥ የግብጽና የኢትዮጵያ ስም የአሕዛብን ኹሉ እምነት እንደሚያመለክት፥ ከፊሉ ስለ ሙሉው እንደ ተነገረ አስተማረ። ሄሮኒሞስ ግን በአራተኛው ምእት መጨረሻ መዝሙራትን ከዕብራይስጥ በቀጥታ ሲተረጕም ፍጥነቱን አልዘነጋም፤ ኢትዮጵያ እጅ ለመስጠት ትቸኵላለች የሚል አሳብ አስገባ።

የግዕዙ ተርጓሚ የመረጠው ግሥ «ታበጽሕ» ነው። ሥሩ «በጽሐ»፥ ደረሰ፤ «አብጽሐ» ደግሞ አደረሰ፥ አመጣ፥ አቀረበ ነው። ይህን ሥር ጆሮ ብቻ ሰምቶ «ብፅዓት» ከሚለው ጋር ማምታታት አይገባም፤ ያኛው ስለ ስእለትና ስለ ብፁዕነት የሚናገር፥ በፀሐይ ፀና በዓይኑ ዐ የሚጻፍ ሌላ ሥር ነው። እንዲሁም «እደው» በአልፋ ሲጻፍ እጆች፥ «ዕደው» በዓይኑ ሲጻፍ ወንዶች ማለት ስለ ኾነ፥ ፊደል የሚያቀላቅል ጸሓፊ እጆቿን ወንዶቿ ሊያደርግባት ይችላል። የዕብራይስጡና የግሪኩ ምስክርነት ግን ነገሩ ስለ እጅ መኾኑን ያረጋግጣል። ይህን የፊደል ጥንቃቄ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምሩት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ናቸው፤ በ1948 ዓ.ም. የታተመው የግዕዝ መዝገበ ቃላታቸው በሥር ላይ የተመሠረተ ትርጓሜ ምን እንደሚመስል ያሳያል።

እንግዲህ የሚደንቀው ነገር ይኸ ነው። ግዕዙ በግሪክ በኩል መጥቶ ሳለ፥ ከላቲኑ «ትቀድማለች» ይልቅ ወደ ዕብራይስጡ «ታስሮጣለች» ቀረበ፤ ኹለቱም የአድራጊ ግሥ ናቸው፤ ኹለቱም እጅን ወደ አንድ መድረሻ ይልካሉ። ከዚህ ተነሥተው አንዳንዶች ግዕዙ ከዕብራይስጥ በቀጥታ ተተርጕሟል ቢሉ ግን ማስረጃቸው አይጸናም። በዚያው ቍጥር ውስጥ ግዕዙ «ተናብልት»፥ ማለት መልእክተኞች ይላል፤ ይህ የግሪኩ ፍች ነው። ኩሽንም «ኢትዮጵያ» ማለቱ ከግሪኩ የተገኘ ነው። መቀራረቡን ለመረዳት ተርጓሚው «ፍታኖ» የሚለውን በዘመኑ እንደሚነገረው «ደረሰ» ብሎ ተረድቶ፥ እጅ የሚለውን ተሳቢ ሲያገኝ «አደረሰ» ወደሚለው አሸጋገረው ማለት ይበቃል። መንገዱ ሌላ ቢኾንም የደረሰበት ስፍራ ትክክል ነው።

አኹን የአማርኛው ነገር ይታይ። ሙሉው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አባ አብርሃም፥ በብዙዎች ዘንድ አቡ ሩሚ የሚባሉት፥ በካይሮ ከተረጐሙት ተነሥቶ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1840 ታተመ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ከዕብራይስጥና ከግሪክ ተመርምሮ የተተረጐመው ወጣ፤ ሕዝቡም በብዛት የሚያነበው ይህ ነው። በዚህ ትርጉም «ትዘረጋለች» የሚል ይገኛል። ከላይ የተጠቀሰውን የ142ኛውን መዝሙር ጸሎትም ይኸው ትርጉም «ዘረጋሁ» ይለዋል። ሒሱም በዚህ ላይ ነው። ዕብራይስጡ «ፓራስ» እና «ታሪጽ» ብሎ የለያቸውን፥ ግዕዙም «ሰፍሐ» እና «አብጽሐ» ብሎ ልዩነታቸውን የጠበቀላቸውን ኹለት ግሦች አማርኛው በአንድ «ዘረጋ» ጠቀለላቸው። አንባቢው በኹለቱ መዝሙራት አንድ ዓይነት እጅ ያያል፤ ነገር ግን አንዱ የሚለምን፥ ሌላው የሚያደርስ ነበረ።

ለተርጓሚዎቹ የሚገባውን ፍርድ መንፈግ አይገባም። ሉተር በጀርመንኛ፥ የ1611ም ተርጓሚዎች በእንግሊዝኛ እጅን መዘርጋት ብለዋል፤ ስለዚህ አማርኛው ብቻውን አልሳተም። ይልቁንም ጕድለቱ በሦስት ተከፍሎ ሲታይ ይበልጥ ይብራራል። ግዕዙ ማድረሱን ጠበቀ፥ ፍጥነቱን ግን ጣለ። እንግሊዝኛው ማድረሱን ጣለ፥ «ፈጥና» የሚል ቃል ጨምሮ ግን ፍጥነቱን ጠበቀ። አማርኛው ኹለቱንም ጣለ። በአማርኛ ዘይቤ «እጅ መዘርጋት» መጸለይም መለመንም ስለ ኾነ፥ በመጨረሻ የቀረው ፍች ለምፀት የተጋለጠው ነው።

የአንድ ቃል መጥፋትና መገኘት ምን እንደሚያደርግ ለማየት ወደ ውጭው ዓለም መመልከት ይጠቅማል። በባርነት የነበሩ ጥቍር ሕዝቦች ይህን ቃል ያገኙት «ፈጥና» ከሚለው ጋር ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1797 ፕሪንስ ሆል በማሳቹሴትስ ለወንድሞቹ ሲናገር፥ በ1852ም ፍሬድሪክ ዳግላስ የአሜሪካን የነጻነት በዓል ሲነቅፍ፥ ቃሉን ከባርነት ስለ መውጣት እንደ ተነገረ ተስፋ አድርገው ጠሩት። በ1892 ማንጌና ሞኮኔ በፕሪቶሪያ ያቋቋሙት ቤተ ክርስቲያን «ኢትዮጵያዊት» የተባለው በዚሁ ቃል ምክንያት ነው። በ1911 ኬዝሊ ሄይፎርድ ስለ ምዕራብ አፍሪካ ለጻፉት መጽሐፍ ርእስ የኢትዮጵያን ስም ሲሰጡም ከዚሁ አስተሳሰብ ርቀው አልነበረም። ለእነዚህ ሰዎች የቃሉ ኃይል በጊዜው ላይ ነበር፤ የሚጠበቀው ነገር በቶሎ ይኾናል ማለት ነው። ይኸውም ከዕብራይስጡ ሩጫ የተረፈ ቅንጣት ነው።

የኩሽ ማንነት ግን ሳይነሣ ሊታለፍ አይችልም። በዕብራይስጥ ኩሽ ከግብጽ በስተ ደቡብ ያለው የዓባይ አገር፥ የነገሥታቱ የቲርሐቅ አገር ነው፤ ይህም የዛሬው ሱዳን ሰሜናዊ ክፍል ነው። ኤድዋርድ ኡሌንዶርፍ በ1967 በለንደን በሰጡትና በ1968 «ኢትዮጵያና መጽሐፍ ቅዱስ» ተብሎ በታተመው ትምህርታቸው ይህን የስም ጕዳይ በሰፊው መርምረዋል። ከዚህ ተነሥቶ ቃሉ ለዛሬይቱ ኢትዮጵያ አይደለም የሚል ወገን አለ፤ ለእርሷ ብቻ ነው የሚልም አለ። ኹለቱንም የሚያርም ምስክር አክሱም ላይ ቆሟል። በአራተኛው ምእት ንጉሥ ዔዛና ባስቀረጸው ባለ ሦስት ጽሕፈት ሐውልት፥ የግዕዙ ክፍል «ሐበሠት» በሚልበት ስፍራ ግሪኩ «አይቲዮፔስ» ይላል፤ በዚያው የማዕርግ ዝርዝር ውስጥ ደግሞ «ካሱ» ለብቻው ተጠቅሷል። ንጉሡ ካሱን፥ ማለት የዓባዩን ኩሽ፥ ከሐበሠት ለይቶ ያውቅ ነበር፤ ሐበሠት ግን በግሪክ ኢትዮጵያ እንደሚባል ደግሞ ይቀበል ነበር። ስለዚህ ከግሪክ የተረጐመው አክሱማዊ «ኢትዮጵያ» የሚለውን ቃል ሲያገኝ የራሱን ስም ማንበቡ ነው፤ ስርቆትም ቅዠትም አልነበረም። በአንጻሩ አውሳብዮስ የቤተ ክርስቲያን ታሪኩን ሲጽፍ ቃሉ የተፈጸመው በሕንደኬ ባለ ሟል በጃንደረባው እንደ ኾነ ተናገረ፤ ሕንደኬ ደግሞ የሜሮዌ ነገሥታት እናቶችና ንግሥታት የማዕርግ ስም ነበር። አንዱ ቃል ኹለት ወራሾች አሉት፤ አንዱ በምንጩ፥ ኹለተኛው በንባቡ።

ከዚህ በላይ ሌላ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ግሡ ስለ ልመና አለመናገሩ ሲታወቅ፥ ስለ ክብር ብቻ ይናገራል ማለት ሌላ ስሕተት ይኾናል። በዕብራይስጥ «እጅ መስጠት» መገዛት ማለት ነው፤ አለቆችና ኃያላን ለሰሎሞን እጃቸውን ሰጡ ሲባል፥ በሰቈቃወ ኤርምያስም ሕዝቡ እንጀራ ለማግኘት ለግብጽ እጅ ሰጠን ሲል፥ ትርጕሙ ይኸው ነው። አማርኛም ይህን ያውቃል፤ የተሸነፈ ወታደር «እጁን ሰጠ» ይባላል። ስለዚህ ወደ ኢየሩሳሌም የምታስሮጠው እጅ የምታከብር እጅ ብትኾንም የምትገዛም እጅ ናት። መዝሙሩ የመጨረሻውን ድል የሚሰጠው ለአምላክ እንጂ ለኩሽ አይደለም። ብሔራዊ ኵራትን በሰዋስው መደገፍ ብሔራዊ ሐፍረትን በሰዋስው ከመደገፍ አይሻልም።

ይሁን እንጂ አማርኛ ለዚህ ሥዕል የሚመጥን ዘይቤ አጥቶ አይደለም። ታናሹ ታላቁን ጐንበስ ብሎ ሲያከብር «እጅ ነሣ» ይባላል፤ ወደ መኰንን ወይም ወደ ንጉሥ ሲቀርብ የሚይዘው ስጦታ ደግሞ «እጅ መንሻ» ነው። በዚህ አንድ ዘይቤ ውስጥ እጁም፥ አክብሮቱም፥ መገዛቱም፥ አምኃውም በአንድነት አሉ፤ ባለ መዝሙሩ በጥቂት ቃላት ሊሥል የፈለገው ይህንኑ ይመስላል። ትርጉሙ ግን ከዘይቤ ይልቅ ወደ ቃሉ ቢቀርብ ይሻላልና፥ «ፈጥና ታደርሳለች» ቢባል የዕብራይስጡ ሩጫና የግዕዙ «ታበጽሕ» በአንድነት ይጠበቁ ነበር። ጸሎቱን፥ ስጦታውንና መገዛቱን መዘርዘር ደግሞ የትርጓሜ መምህራን ሥራ ነው፤ «አንድም» እያሉ አሳቦችን ጎን ለጎን የሚያኖሩበት ሥርዓት ለእንዲህ ያለው ቃል የተዘጋጀ ነው። ነገር ግን «አንድም» የሚጸናው ንባቡ ሲጸና ነው፤ ንባቡ ከተለወጠ አንድምታው በባዶ ላይ ይሠራል።

የመስቀል አደባባይ ይህን ለመመርመር ጥሩ ስፍራ ነው። በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ተብሎ ስሙ ሲለወጥና ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ጥንቱ ሲመለስ፥ በዓሉም በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር፥ የደመራው ሥርዓት ግን ያው ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ችቦውን ይዞ ሄዶ ከደመራው ጋር ይደምራል፤ እጁ የሚያደርስ እጅ ነው። በመንገድም የሚለዋወጠው ሰላምታ በግዕዝ «እንቋዕ አብጽሐክሙ» ይባላል። ግሡ በመዝሙሩ ያለው ግሥ ነው፤ የተለወጠው ባለቤቱ ብቻ ነው። በሰላምታው የሚያደርሰው አምላክ፥ የሚደርሰው ሰው ነው፤ በመዝሙሩ የምታደርሰው ኢትዮጵያ፥ የሚደርሰው እጇ ነው። ሕዝቡ በየዓመቱ «አደረሳችሁ» እያለ የመዝሙሩን ግሥ በትክክል ሲናገረው፥ መጽሐፉን ሲከፍት ግን «ትዘረጋለች» የሚል ያገኛል።